ከጉድጓዱ የመጣ እሳት

ምስራ ይማም ሸማ ተራ ላሉ ሻጮችና ልብስ ሰፊዎች ምሳ አብስላ የምታደርስ ሴት ናት። እነሱ ሱቅ ጥለው ለምሳ መውጣት አይሆንላቸውም፤ ዞር ባሉበት ገዢ ያልፋል። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ምስራ ምሳ ዕቃዎቹን በሁለት ዘንቢል አንጠልጥላ፣ በጋቢና በነጠላ ክምር መካከል ጎኗን አጥብባ እየተሽሎከለከች ትደርሳለች። ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ስላሉባት ሽሮና ጎመን ትሠራለች፤ በሌላው ቀን ምስር፣ አልጫ ወይም ቀይ ወጥ። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ የቀረችባቸው ቀናት በጣት ይቆጠራሉ። እነሱም የኢድ ቀናትና ልጇ በድሪያ ያገባችበት ሳምንት ናቸው።

ከወሎ፣ ከሐይቅ አካባቢ፣ ከባሏ ጋር የመጣችው በልጅነቷ ነው። ባሏ እዚያው ሸማ ተራ ጭነት ይሸከም ነበር። እሱ ሲሞት የቀራት አንዲት ልጅና ከአንዋር መስጊድ ወደ አማኑኤል ሲኬድ ውስጥ ለውስጥ ያለች አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነበረች። ግቢው አሥራ አንድ አባወራ ይኖርበታል። ሁሉም የሚጠቀሙት በአንድ ቧንቧ፣ በአንድ የመብራት ቆጣሪና በአንድ ሽንት ቤት ነው። ምስራ ከቤቷ ጎን በቆርቆሮ በከለለቻት ጥግ ሦስት የከሰል ምድጃ ደርድራ፣ ጎህ ሲቀድ ጀምራ እስከ ረፋዱ ታበስላለች። ቆርቆሮዋ ከውስጥ በኩል ጥላሸት ለብሶ ጠቁሯል።

ሳሉ መቼ እንደጀመራት አታስታውስም። መጀመሪያ ብርድ ነው አለች፤ ቀጥሎ አቧራ ነው አለች። በኋላ ላይ ዘንቢሎቹን ይዛ ስትሄድ መንገድ ላይ ሁለት ሦስቴ መቆም ስትጀምር በድሪያ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። የመረመራት ወጣት ሐኪም ደረቷን ደጋግሞ አዳመጠ።

“እትዬ፣ ሳንባዎን የጎዳው ጭስ ነው” አላት። “ከጭስ ካልራቁ ይሄ የምሰጥዎት መድኃኒት ለጊዜው ቢያሽልዎት ነው።”

“ከጭሱ ርቄ በምን ልኑር?”

ሐኪሙ ብዕሩን አነሳና መድኃኒቱን ጻፈላት።

ወልደ ሚካኤል ወደ ግቢው የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነበር። ሠላሳዎቹን የጀመረ ቀጭን ሰው ነው፤ ቡናማ ጃኬት ይለብሳል፣ የተጠቀለለ ወረቀት ብብቱ ሥር ይይዛል። ቅዳሜ ከሰዓት ነዋሪውን ሰበሰበና ወረቀቱን ዘርግቶ አራቱን ጫፍ በድንጋይ አስያዘው።

“አሮጌውን ሽንት ቤት እናፈርሰዋለን” አለ። “በቦታው ባለ ስድስት ክፍል እንሠራለን። ከሥሩ ማብላያ እንቆፍራለን፤ ዙሪያውን የተደፈነ ክብ ጉድጓድ ማለት ነው። ቆሻሻው እዚያ ውስጥ ይብላላና ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ በቱቦ ወደዚህ ይመጣል፤ እዚህ የጋራ ማዕድ ቤት ይሠራል፤ አራት ምድጃ ይኖረዋል። ከሰል አትገዙም። ጭስ የለም።”

ቀድማ የተናገረችው ማሂራ ናት። ማሂራ የምስራ ግድግዳ ተጋሪ ናት፤ አንዋር አጠገብ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች፤ ያሰበችውን ሳትናገር ያደረችበት ቀን የለም።

“ወንድሜ፣ ያወጣነውን መልሰን ልንበላው ነው?” አለች።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ወልደ ሚካኤል አልሳቀም፤ አልተቀየመምም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቆ ሥዕሉን እንደገና ከመጀመሪያው አስረዳ።

ምስራ ግን “ጭስ የለም” ካለ በኋላ የተናገረውን አልሰማችም። ስብሰባው ሲበተን በር ላይ ጠበቀችው።

“እውነት ጭስ የለውም?” አለችው።

“የለውም እትዬ። አንድ ቀን ወስጄ ላሳይዎት እችላለሁ።”

“እኔ እንኳ ልቤ ፈቅዷል። ግን ነጃሳ ነው፣ ርኩስ ነው ይሉኛል። እኔ ለሰው ነው የማበስለው። ደንበኛዬ ሰምቶ ከተጸየፈ እንጀራዬ ቀረ።”

“ማንን ብናስጠይቅ ነው የሚያምኑት?”

“ሼህ ሐምዱን” አለችው።

ሼህ ሐምዱ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ቁርአን ያስቀሩ፣ ለክፉም ለደጉም የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። ወልደ ሚካኤል በነጋታው ወረቀቱን ይዞ ቤታቸው ሄደ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ሥዕሉን ዘረጋላቸው። ምስራና ማሂራ በር አጠገብ ተቀመጡ። ሼሁ መነጽራቸውን አድርገው ቱቦውን ከጉድጓዱ እስከ ምድጃው በጣታቸው ተከተሉት።

“ድስቱን የሚነካው ምንድን ነው?” አሉ።

“እሳቱ ብቻ ነው አባቴ።”

“ሽታውስ?”

“ሲቃጠል ይጠፋል።”

“አንተ ራስህ በዚህ የተሠራ በልተሃል?”

“በልቻለሁ። ሥልጠና ላይ እያለን ወር ሙሉ የበላነው በዚህ የተሠራ ነው።”

ሼሁ መነጽራቸውን አወለቁ። “ወደ ምግቡ የሚደርሰው እሳት ከሆነ እኔ የሚከለክል ነገር አይታየኝም። አላህ ያውቃል። ልቡ እምቢ ያለውን ሰው ግን ማንም አያስገድደው” አሉ።

ይህ ቃል በሁለት ቀን ውስጥ ግቢውን ሁሉ አዳረሰ። ወሬውን ያዳረሰችው ደግሞ ራሷ ማሂራ ናት።

ግንባታው ከጥር እስከ ግንቦት ቆየ። ጉድጓዱ የተቆፈረው በአካፋና በዶማ ነው፤ ማሽን በጠባቡ በር አይገባም። በዚያ ሁሉ ወር የግቢው ሰው ለሽንት ወደ ጎረቤት ግቢ እየሄደ ይለምን ነበር። ወልደ ሚካኤል በየቀኑ ይመጣል። ሲሚንቶው ሲደርቅ ውሃ ያጠጣል፣ የቱቦ መጋጠሚያዎችን በሳሙና አረፋ እየቀባ አየር ማምለጡን ይፈትሻል። ሥራው ሲያልቅ ማብላያውን ለማስጀመር አንድ መኪና እበት አምጥቶ አስገባ። ሠላሳ አምስት ቀን ጠበቁ።

በሠላሳ ስድስተኛው ቀን ክብሪቱን የጫረችው ምስራ ናት። ነዋሪው ማብላያውንና ማዕድ ቤቱን ለመያዝ ያቋቋመው ማኅበር ሰብሳቢ አድርጎ መርጧት ነበር። ክብሪቱ ቦግ ብሎ ጠፋ፤ ከምድጃው በላይ ምንም አይታይም።

“የታለ ታዲያ?” አለች ማሂራ።

“እጅሽን ዘርጊ” አላት ወልደ ሚካኤል።

ማሂራ ዘረጋችና ወዲያው ሰበሰበችው። በሩ ሲዘጋና ክፍሉ ሲጨልም እሳቱ ታየ፤ ሰማያዊ ነው፣ ዝቅ ብሎ በምድጃው ዙሪያ ይርገበገባል። ምስራ አጠገቡ ቆማ ጭስ ጠበቀች። ትንፋሿን ሳበች፤ ደግማ ሳበች። ከዚያ ሽንኩርቷን አምጥታ መክተፍ ጀመረች።

አሥራ አራት ወር እንዲህ ሆነ። ሳሏ መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ቀነሰላት፤ ቀጥሎ የሚመጣው አልፎ አልፎ ብቻ ሆነ። ልብሷ ከሰል ከሰል መሽተቱ ቀረ። ሸማ ተራ ስትሄድ መንገድ ላይ መቆም ተወች። ደንበኞቿ እሳቱ ከየት እንደሚመጣ ከሌላ ሰው ሰሙ፤ ለአንድ ሳምንት ተሳሳቁ፤ ሁለቱ ተዉ፤ የቀሩት በሉ። በዚህ ላይ አምስት አዳዲስ ደንበኞች መጡላት፤ አርባ ሞሉ።

ማብላያውን እንደ ላም ነበር የምትንከባከበው። ወልደ ሚካኤል ያስተማራትን አንዱንም አትረሳም፤ ቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ በየሳምንቱ ታፈስሳለች፣ ማታ ማታ ዋናውን መዝጊያ ትዘጋለች፣ ሽንት ቤቱ በረኪና እንዳይነካው ትጠብቃለች። “ጋዙን የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናቸው፤ በረኪና ይገድላቸዋል” ብሏት ነበር። እሷም ለአዲስ ተከራይ ሁሉ ይህንኑ ትናገራለች። ሌላ ወረዳ ተመሳሳይ ሥራ ሲጀመር ወስደዋት አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ተናገረች። ድምፅ ማጉያውን በሁለት እጇ ይዛ “እኔም መጀመሪያ ፈርቼው ነበር” ብላ ጀመረች፤ ሰው አጨበጨበላት።

ነገሩ የተበላሸው በደግ ሐሳብ ነው። ገበያተኛው ሽንት ቤት እያጣ በየአጥሩ ሥር ይቆም ነበር፤ ጠረኑ መንገደኛ አያሳልፍም። ወረዳው ያ ባለ ስድስት ክፍል ሽንት ቤት ለገበያተኛውም ክፍት እንዲሆን ወሰነ። በመንገዱ በኩል ሌላ በር ተከፈተ፤ ጽዳት ሠራተኞችም ተቀጠሩ። ከዚያ በኋላ በቀን የሚገባውን ሰው የቆጠረው የለም። ፌስታል፣ የሕፃን ዳይፐር፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ አንድ ቀንማ ጫማ ከጉድጓዱ አፍ ወጣ። ጽዳቶቹ ጠዋትና ማታ በበረኪና ያጥባሉ።

ምስራ ሠራተኞቹን ለመነቻቸው። “እባካችሁ፣ በውሃ ብቻ እጠቡት። ውስጡ ያለው ይሞታል።”

“እትዬ፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ በረኪና በረኪና ካልሸተተ አልጸዳም ይለናል” አለቻት አንዷ። “እኛ የታዘዝነውን ነው።”

እሳቱ ከነሐሴ ጀምሮ ይደክም ጀመር። ሽሮው ለመፍላት ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ፈጀ። ማሂራና ሌሎቹ ተራቸውን ለምስራ እየለቀቁ ወደ ከሰላቸው ተመለሱ። በጥቅምት አንድ ማለዳ ምስራ ክብሪት ጫረች፣ ሁለተኛም ጫረች፣ ሦስተኛም። ጭራሽ እምቢ አለ።

ወልደ ሚካኤል መጥቶ አየ። ጉድጓዱ መመጠጥ አለበት፣ መታጠብ አለበት፣ እንደገና እበት ገብቶበት መጀመር አለበት አለ። ለዚህ መምጠጫ መኪና ያስፈልጋል፤ በጀት ደግሞ የለም፤ ፕሮጀክቱ ተጠናቋል ተብሎ ከተዘጋ ቆይቷል። የመንገዱ በር እንዲዘጋም ጠይቆ ነበር፤ አልሰሙትም።

“አስፈቅዳለሁ” አላት። “ሁለት ሳምንት ይስጡኝ።”

ሁለቱ ሳምንት ሳይሞላ በወረዳው የሠራተኛ ድልድል ሆነና ወልደ ሚካኤል በከተማው ሌላ ጫፍ ወዳለ ክፍለ ከተማ ተዛወረ። ሊሰናበታት የመጣ ዕለት ቁጭ በል ብትለው እምቢ አለ። ስልክ ቁጥሩን በምሳ ዕቃ ክዳን ላይ በእስክሪብቶ ጻፈላትና ሄደ። ክዳኑን ሳታጥበው አስቀመጠችው።

ከዚያ በኋላ ምስራ የቢሮ ደጅ መጥናት ጀመረች። ምሳ አድርሳ ስትጨርስ ባዶ ምሳ ዕቃዎቹን በዘንቢል እንደያዘች ወደ ወረዳ ትሄዳለች። ማመልከቻውን የጻፈችላት በድሪያ ናት። መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጧት፤ በሳምንቱ ነይ አሏት። በሳምንቱ ሄደች፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከዚያም በኋላ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች።

በአምስተኛው አንድ ሰው አስቀምጦ አነጋገራት። “ርክክብ ተፈጽሟል” አላት። “ንብረቱ የማኅበሩ ነው። የሚያስጠግነው ማኅበሩ ነው።”

“ማኅበሩ እኔ ነኝ” አለች ምስራ። “እኔ ደግሞ ምሳ አብሳይ ነኝ።”

ሰውዬው አዘነላት። መምጠጫ መኪና ያለው ሌላ መሥሪያ ቤት እንደሆነ ነግሮ ወደዚያ ላካት። እዚያ ደግሞ ያለ ወረዳ ደብዳቤ አንልክም አሉ። ወረዳው ደብዳቤ ለመጻፍ ሕንፃው በማን ስም እንደሆነ የሚያሳይ ሰነድ ከክፍለ ከተማ አምጪ አላት። ማንም አልሰደባትም፤ ማንም ከበር አልመለሳትም። ሁሉም በየተራ የሚቀጥለውን በር እያሳዩ በትሕትና ሸኟት።

ከሰሉ ተመለሰ። የድሮዋ የቆርቆሮ ጥግ ለግንባታው ስትባል ስለፈረሰች ምስራ ሦስት ምድጃዋን በዚያው በጋራ ማዕድ ቤት ውስጥ ደረደረች። ማዕድ ቤቱ ጭስ አይኖርም ተብሎ የተሠራ ነው፤ ጭስ መውጫ የለውም፤ ያለው አንድ መስኮት ነው። ከቆርቆሮው ጥግ ይልቅ እዚህ ይብስ ነበር። ሳሉ በወሩ ተመለሰ፤ በዚህኛው ጊዜ አክታው ጥቁር ሆነ።

በሚያዝያ ቡርሃን መጣ። ቡርሃን በወልደ ሚካኤል ቦታ የተተካ ልጅ እግር ባለሙያ ነው፤ ከዚያ ቀደም ሁለት ጊዜ መጥቶ የሞተውን ምድጃ አይቶ፣ ጽፎ፣ ሄዷል። አሁን ሁለት ቀለም ቀቢዎች አስከትሎ ነበር። የማዕድ ቤቱን ግድግዳ አረንጓዴ አስቀባ። ከዚያ ምስራን ለብቻዋ ወስዶ አናገራት።

“እትዬ ምስራ፣ ሐሙስ ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ። ንጹሕ ኃይል ላይ የተሠራውን ይጎበኛሉ። ይህኛው ዝርዝር ውስጥ አለ።”

“እሰየው። ይዩት እንግዲህ።”

“እንደዚህ ካዩት ግን ያልተሳካ ብለው ይሰርዙታል። ተሰረዘ ማለት ማንም አይነካውም። ሲሠራ ካዩት የማስፋፊያ በጀት ይመጣል፤ ከዚያ ላይ ይህን እጠግንልዎታለሁ።” መሬት መሬት እያየ ነበር። “የጋዝ ሲሊንደር ከግድግዳው በስተኋላ እናስቀምጣለን። ጎማውን ከምድጃው ጋር እናገናኛለን። እርስዎ እንደ ድሮው ለኩሰው ማስረዳት ብቻ ነው።”

“ይሄን ያሰብከው አንተ ነህ?” አለችው ምስራ።

“አይደለሁም” አለ። “ግን እኔ ነኝ የተላክሁት።”

ለማሂራ ነገረቻት። ማሂራ ቅመሟን እየነፋች “በይ ለኩሺ” አለች። “እውነት ተናግረሽ ምን ልታገኚ ነው? ውሸት ተናግረሽ ሲሊንደሩ ቢቀርልሽ እንኳ ትርፍ ነው።”

ሐሙስ ማለዳ ምስራ የአርባውን ሰው ምሳ በከሰል ጨርሳ ምድጃዎቹን ከቤቷ ውስጥ ደበቀች። እንግዶቹ በአራት ሰዓት መጡ፤ አሥራ አምስት ይሆናሉ፤ ካሜራ የያዙም ነበሩ። ጠባቡ ማዕድ ቤት ውስጥ የቻሉት ገቡ፤ የቀሩት በመስኮት ያዩ ነበር። ምስራ ክብሪት ጫረች። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ዘለለ፤ ከድሮው ይበልጥ ጠንካራ ነበር። ካሜራዎቹ ብልጭ ብልጭ አሉ።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው፣ ወደ እሷ ጠጋ አሉ።

“እናቴ፣ ከሰል መጠቀም ካቆሙ ስንት ጊዜ ሆነዎት?”

ምስራ የምትለውን አዘጋጅታ ነበር። አዳራሹ ውስጥ የተናገረችውን ልትደግመው ነበር። ግን ሰውዬው የጠየቁት ፊታቸውን አዙረው አልነበረም፤ ዓይኗን እያዩ ነበር።

“ዛሬ ጠዋት በከሰል ነው ያበሰልኩት” አለች። “ይሄ ጋዝ ከሲሊንደር ነው፤ ግድግዳው ኋላ አለ። የኛው ከሞተ ስድስት ወሩ ነው። እንዲጠገን አመልክቻለሁ፤ የሚሰማኝ አላገኘሁም።”

ከዚያ ሳሉ ያዛት። አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍና እስኪያልፍላት ግድግዳውን ተደገፈች። አዲሱ ቀለም እጇ ላይ ነካካት። አሁን የሆነ ነገር ይፈጠራል ብላ ጠበቀች፤ ቁጣ ጠበቀች፣ ቡርሃን ሲዋረድ በሐሳቧ አየች፣ ከማኅበሩ ሰብሳቢነት ስትነሳ አየች። ያም ይሁን ብላ ነበር የተናገረችው።

ሽማግሌው ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። “በጣም ጥሩ” አሉ። “እንዲህ ያለ ግልጽ አስተያየት ነው የሚያስፈልገን። የአጠቃቀምና የጥገና ክፍተት መኖሩ በሪፖርቱ ይያዝ።” አንዲት ወጣት ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ከዚያ አስተናባሪው በእጁ መንገድ አሳየና ሁሉም ወጡ። ግቢው ውስጥ ለስላሳና ብስኩት ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ቆመው ጠጡ፤ ስለሚቀጥለው ጉብኝት አወሩ፤ ሄዱ። ጥቂቶቹ ሲወጡ ጨበጧት።

ምስራ ማዕድ ቤቱ ውስጥ እንደቆመች ቀረች። እሳቱን ያጠፋው ቡርሃን ነው። ሁለት ሰዎች ሲሊንደሩን ፈትተው መኪና ላይ ጫኑት።

“እኔ አልተቀየምኩዎትም” አላት ቡርሃን። “ጥሩ አደረጉ። ምናልባት ከዚህ በኋላ ያዩታል።”

“በጣም ጥሩ ከሚሉኝ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር” አለች።

ወር ጠበቀች። ለሸማ ተራ ምሳ ስታደርስ አዩብ የሚባል ልብስ ሰፊ መርፌውን አቁሞ በደስታ ተቀበላት። “እትዬ ምስራ፣ ፎቶዎ ወረዳው በር ላይ ተሰቅሎ አየሁት። ሲያምር።” ሄዳ አየችው። ትልቅ ነው፤ ባለ ቀለም ነው፤ ምድጃው ላይ አጎንብሳ ክብሪት ይዛለች፤ ፊቷ ላይ የሰማያዊው ብርሃን ይታያል። ከሥሩ የንጹሕ ኃይል ተጠቃሚ እናት ይላል። ዘንቢሏን አስቀምጣ ብዙ ቆየች። ዘበኛው አወቃትና ፈገግ አለላት። እሷም ፈገግ አለችለት፤ ሌላ ምን ታድርግ።

ቡርሃን ግን አልተኛም። ከየት እንደለመነ አይታወቅም፣ በሐምሌ ሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዞ መጣ። ምስራ ሁለቱንም ሰካች፤ የግቢው መብራት በሙሉ ድርግም አለ። አሥራ አንድ ቤት በአንድ ቆጣሪ ነው። አንዱን ብቻ ሰካች፤ ማሂራ ካውያ ስትሰካ እንደገና ጠፋ። ሦስት ቀን ሞከሩት። በሦስተኛው ቀን የአንዱ ጎረቤት ማቀዝቀዣ ተቃጠለ፤ ሰው ተኮራረፈ። ምስራ ምድጃዎቹን በጨርቅ ጠቅልላ አልጋ ሥር አስገባች። ለራሷ ቆጣሪ አመልክታ ተራ ያዘች። ተራው ስንት ሰው ላይ እንደደረሰ የሚነግራት አላገኘችም።

በጥቅምት አንድ እሑድ ወልደ ሚካኤል ሳይታሰብ መጣ። በድሪያ ደውላለት ነበር። ያንኑ ቡናማ ጃኬት ለብሷል፤ በኪራይ ባጃጅ አራት ኬሻ እበት ጭኖ፣ የጎማ ቦት ጫማና መብራት ይዞ ነው የመጣው። ከራሱ ኪስ መሆኑ ያስታውቃል፤ ምስራ አልጠየቀችውም።

ሁለቱ ጉድጓዱን ከፈቱ። እሱ በባልዲ ያወጣል፣ እሷ ትቀበለዋለች፤ ማሂራም አፍንጫዋን አስራ መጣች፤ ሌሎች ጎረቤቶችም አንድ ሁለት እያሉ ወጡ። እስከ ቀትር ፌስታሉን፣ ጠርሙሱን፣ ጨርቁን አወጡ። ከዚያ ወልደ ሚካኤል የማብላያውን ክብ ጣሪያ በሳሙና አረፋ መቀባት ጀመረ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። መብራቱን አስጠግቶ አየ። በጣቱ ተከተለው።

“ባለፈው በጋ እዚህ ውጭ መንገድ ተቆፍሮ ነበር?” አለ።

“ተቆፍሯል። ሁለት ወር ማሽን ሲያንቀጠቅጠን ነበር።”

ወልደ ሚካኤል ከጉድጓዱ ወጥቶ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ። ጣሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቋል። እበቱ ቢገባም፣ በረኪናው ቢቀርም፣ ጋዙ ከእንግዲህ አይጠራቀምም። መፍረስና እንደገና መሠራት አለበት። ይህን ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ስለነበር ማሂራ “ምን አለ?” ብላ ምስራን ጠየቀች።

ምስራ እጁን አስታጥባ ምሳ አቀረበችለት። አልበላም አለ፤ ከዚያ በላ።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ ምስራ” አላት።

“ምን አጠፋህ?”

“ቃል ገብቼልዎት ነበር።”

“ጭስ የለውም ብለህ ነበር። አሥራ አራት ወር አልነበረውም። አንተ አልዋሸኸኝም።”

ይህን ያለችው ልታጽናናው ነበር፤ እሱ ግን ይበልጥ አቀረቀረ። ኬሻዎቹን ምን እንደሚያደርጓቸው ሲነጋገሩ አንድ ጎረቤት ለአበባ ተካዮች እሰጣለሁ ብሎ ወሰዳቸው። ጉድጓዱን ከደኑት። ወልደ ሚካኤል አዲስ ደብዳቤ ጻፈ፤ ስንጥቁንም ሥሎ አሳየበት። ምስራ የማኅበሩን ማኅተም አደረገችበት። ሁለቱም ወዴት እንደሚሄድ ያውቃሉ፤ ቢሆንም በጥንቃቄ አጠፉት።

አሁን ምስራ የምታበስለው ውጭ ነው፤ በአንድ ሸራ ሥር። ዝናብ ሲሆን ወደ አረንጓዴው ማዕድ ቤት ትገባለች። አርባ የነበሩት ደንበኞቿ ሃያ ሁለት ናቸው፤ ሌሎቹን ራሷ ናት የተወቻቸው፤ ዘንቢሉን መሸከም አቃታት። ወረዳው በቅርቡ ሌላ ባለሙያ ልኮ ለፀሐይ ኃይል የሚሆኑ ቤቶችን ሲመዘግብ ነበር። ልጅቷ ስም ስትጠይቃት ምስራ ነገረቻት፤ ስልክ ስትጠይቃት ነገረቻት፤ የቤተሰብ ቁጥር ስትጠይቃት አንድ አለች። ልጅቷ አመስግና ወደ ማሂራ በር አለፈች።

ወልደ ሚካኤል በየኢዱ ይደውላል፤ እሷም በገናና በፋሲካ ትደውልለታለች። ስለ ልጆቹ ትጠይቀዋለች፤ እሱ ስለ በድሪያ ይጠይቃታል። ስለ ጋዙ አያነሱም።